በጋሽ ሽፈራው ስም ያሉት መጻሕፍት

የጋሽ ሽፈራው ቤት ከሳቸው ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል። ሶፋው፣ አልጋው፣ ቴሌቪዥኑ፣ ፍሪጁ፣ የሰርጋቸው ፎቶ ሳይቀር በአንድ አይሱዙ ተጭኖ ቢሾፍቱ ከወረደ ሰንብቷል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ተናኜም ጋቢና ተቀምጠው አብረው ሄደዋል። ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የቀሩት አንድ ፍራሽ፣ አንድ ድስት፣ አንድ ማንኪያና ጋሽ ሽፈራው ናቸው። የቀሩት ደግሞ መኪናው ሞልቶ አይደለም። ጋሽ ሽፈራው ክሊራንስ ስላላገኙ ነው።

ስድሳ ዓመት የሞላውን ሰው ምን ያስቀረዋል ቢባል፣ እሳቸውን ያስቀራቸው መጽሐፍ ነው። ከሃያ ሁለት ወደ መገናኛ ሲኬድ ገባ ብሎ ያለ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ የላይብረሪ ኃላፊ ናቸው። ኮሌጁ የተከፈተ ሰሞን የመጀመሪያዎቹ የመጽሐፍ ካርቶኖች መጡና "ማን ይረከብ?" ተባለ። የቢሮው ሰው ሁሉ ቀና ብሎ ጣሪያ ማየት ጀመረ። ጋሽ ሽፈራው ያን ጊዜ ጎልማሳ ነበሩ፤ ጣሪያ ማየት ገና አልለመዱም። ፈረሙ። ከዚያ ወዲህ የተገዛውም፣ የተለገሰውም፣ ሰው ቤት ሲቀይር አምጥቶ የጣለውም መጽሐፍ በሳቸው ስም ገባ። ኮምፒውተር ሲመጣ ስማቸው ተከትሎ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። የእያንዳንዱ መጽሐፍ መዝገብ ሲከፈት ላይ ርዕሱ አለ፤ ቀጥሎ ደራሲው አለ፤ ከታች "ንብረቱ ያለበት ሰው" የሚል ሳጥን አለ። እዚያ ሳጥን ውስጥ ሽፈራው አለ። አስራ አንድ ሺህ ምናምን ጊዜ ሽፈራው። ደራሲዎቹ ራሳቸው እንኳ ይሄን ያህል ጊዜ ስማቸው አልተጻፈም።

ክሊራንስ የሚሰጠው ደግሞ በስሙ ምንም ንብረት ለሌለ ሰው ነው። ክሊራንስ ከሌለ የጡረታ ፋይሉ ካለበት አይነሳም። ስማቸውን ከየመዝገቡ አንድ በአንድ እንዳያወጡ፣ አሮጌው ሶፍትዌር አንዱን መዝገብ ለማስቀመጥ ክቡን እያሽከረከረ ሰው ያስተኛል። እንዲህ ሲሠሩ ቢውሉ ለጡረታ ሳይሆን ለቀብር ነው የሚደርሱት።

ወይዘሮ ተናኜ በየማታው ይደውላሉ።

"መቼ ነው የምትመጣው?"

"አዲሱ ሶፍትዌር ሲያልቅ።"

"ሶፍትዌር ነው እንዴ ያገባኸው?"

"መጻሕፍቱ በስሜ ናቸው፣ ተናኜ። ጥያቸው አልመጣ።"

"እኔስ በማን ስም ነኝ?"

ጋሽ ሽፈራው "ምን በላሽ?" ብለው ወሬውን ያዞራሉ።

"የኮንዶሚኒየሙ ተከራዮች ወር ሲብት ይገባሉ" ይላሉ ተናኜ ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት። "አንተን እዚያ ካገኙህ አንተንም ይከራዩህ እንደሆነ እንጃ።"

አዲሱን ሶፍትዌር የሚሠራው ቦሌ መድኃኔዓለም ጀርባ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ትንሽ ድርጅት ነው። የፎቁ ሊፍት የቆመው ከምረቃው በፊት ነው ይባላል። ጋሽ ሽፈራው በየፎቁ እያረፉ፣ የየበሩን ታፔላ እያነበቡ ወጡ። ሲደርሱ ከኮሌጁ የመጡት ሁለቱ ቀድመዋቸዋል። አንደኛው የንብረት ክፍል ኃላፊው አክሊሉ ነው፤ ስልክ ጆሮው ላይ ተለጥፎ የበቀለ ሰውዬ። ሌላዋ ላይብረሪው ውስጥ ስምንት ዓመት አብራቸው የሠራችው፣ ነገ ከነገ ወዲያ የሳቸውን ወንበር የምትይዘው ሳምራዊት ናት። ፕሮግራመሩ አብኔዘር የሚባል ቀጭን ልጅ ነው። ስብሰባ ሲጀምር አንገቱን ደፋ አድርጎ ትንሽ ይጸልያል። ጋሽ ሽፈራው ይሄን ሲያዩ ጥሩ ምልክት ይሁን መጥፎ ምልክት መወሰን አቃታቸው።

"እሺ" አለ አብኔዘር ቀና ብሎ። "ዛሬ ባልክ ኤዲት ላይ ነን። በጅምላ ማረም ማለት ነው። ብዙ ሪከርድ ሰሌክት ታደርጋላችሁ፣ የሚቀየረውን ሳጥን ትመርጣላችሁ፣ አፕላይ ትላላችሁ፤ አለቀ።"

"ሁሉም ይቀየራል?" አሉ ጋሽ ሽፈራው።

"ሁሉም።"

"ንብረቱ ያለበት ሰው የሚለውም?"

"እሱም።"

"ስንት ቀን ይፈጃል?"

"ቀን? ጋሼ፣ ሰከንድ ነው እኮ።"

ጋሽ ሽፈራው መሐረብ ፍለጋ እጃቸውን ኪሳቸው ሰደዱ። ቢሾፍቱ በዓይናቸው መጣ፤ ሶፋው፣ ሶፋው ላይ እግራቸው።

"አንዴ" አለች ሳምራዊት። "የጋሼ ስም ሲወጣ የማን ስም ነው የሚገባው?"

ሁሉም እሷን አየ።

"እኔ በጅምላ አልረከብም።"

"ሳምሪ፣ የኔ ልጅ…" ብለው ጀመሩ ጋሽ ሽፈራው።

"ጋሼ፣ እርስዎን ጠልቼ አይደለም። አባቴ መጋዘን ጠባቂ ነበር። ጓደኛው 'ሙሉ ነው፣ ፈርም' አለው፤ ሳይቆጥር ፈረመ። ከዚያ ጎማ ጎድሏል ተባለ። እኔ ያደግኩት አባቴ ፍርድ ቤት ሲመላለስ እያየሁ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ጎማ ሌባ ይለናል። ቤታችን መኪና ይቅርና ጋሪ አልነበረም።"

አክሊሉ ስልኩን በመዳፉ ከደነው። "ልክ ናት። ርክክብ ማለት ሁለት ሰው ቆሞ፣ አንዱ እየጠራ አንዱ እያየ ነው። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ እንደዚያ ነው። ቁልፍ ተጭኖ ርክክብ የሚባል ነገር አላውቅም።"

"የጠፉትስ?" አሉ ጋሽ ሽፈራው። "ተማሪ ወስዶ ዱባይ የገባባቸው አሉ። በመዝገብ አሉ፣ በመደርደሪያ የሉም። እነሱን ማን ቆሞ ያያል?"

"የጠፋ በኮሚቴ ይሰረዛል።"

"ኮሚቴው መቼ ነው የሚሰበሰበው?"

"ሰብሳቢ ሲኖረው።"

"ሰብሳቢውን ማን ይመርጣል?"

"ኮሚቴው ነዋ" አለና አክሊሉ ወደ ስልኩ ተመለሰ።

አብኔዘር ሁሉንም ጻፈ። "ኮሚቴውን ለሁለተኛ ፌዝ እናስተላልፈው" አለ። ጋሽ ሽፈራው ፌዝ ማለት ምን እንደሆነ አያውቁም፤ ሁለተኛ የሚባል ነገር ግን በዕድሜያቸው ሲመጣ አይተው አያውቁም። ስድስቱን ፎቅ ወረዱ። መውረድ ለጉልበት ቀላል ነው ያለው ጉልበት የሌለው ሰው ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ አብኔዘር የመጀመሪያውን ሙከራ ላፕቶፕ ላይ ይዞ ላይብረሪው ድረስ መጣ። ጋሽ ሽፈራው ሌሊቱን ፍራሻቸው ላይ ሲገላበጡ አንድ ሐሳብ መጥቶላቸው ነበር።

"አብኔዘር፣ ሳምራዊት አልረከብም ካለች አታስገድዳት። ሳጥኑን ባዶ አድርገው። የማንም አይሁን።"

"ይቻላል" አለ ልጁ። ሁሉንም ሰሌክት አደረገ፣ ሳጥኑን ባዶ አደረገ፣ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ ከንፈሩን አንቀሳቀሰና ተጫነ።

ስክሪኑ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ሞላ። ሽፈራው፣ ሽፈራው፣ ሽፈራው።

"አልሠራም" አሉ ጋሽ ሽፈራው።

"ሠርቷል" አለ አብኔዘር ቀስ ብሎ። ፊቱ አመድ መሰለ። "ባዶ መሆን አይችልም ብዬ ነበር መጀመሪያ ስጽፈው። ባዶ ከሆነ መጀመሪያ በተመዘገበው ሰው ስም ይሙላ ብዬዋለሁ።"

"መጀመሪያ የተመዘገበው ማን ነው?"

ልጁ ስክሪኑን በጣቱ አሳያቸው።

"ይሁን፣ ድሮም በኔ ስም ነበሩ። ምን ተጎዳሁ" አሉ ጋሽ ሽፈራው።

እሱን ተናግረው ሳይጨርሱ ስልካቸው ጮኸ። ሀጀር ናት፤ የኮሌጁ ጎሮ ቅርንጫፍ ላይብረሪ ሠራተኛ።

"ጋሽ ሽፈራው! አላህ ይስጥልኝ! አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው!"

"ምን አደረግኩ?"

"አሁን ኮምፒውተሩን ብከፍተው በስሜ የነበሩት መጻሕፍት በሙሉ በእርስዎ ስም ሆነዋል። እኔ እኮ ከአሁን አሁን ማን ያወርድልኛል ስል ነበር!"

"ሀጀር፣ ስህተት ነው። እንመልስልሻለን።"

"ምንም ችግር የለውም" አለች ሀጀር፤ ድምፅዋ ግን ትንሽ ቀዘቀዘ። "ከመለሱልኝ ግን ቆጥሬ ነው የምረከበው።"

ጋሽ ሽፈራው ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡና አብኔዘርን አዩት።

"ሁሉንም ስትል ጎሮንም ጨምረህ ነው?"

"ሁሉንም ሲሉኝ…"

"ሙከራ አላልክም እንዴ? በእውነተኛው መዝገብ ላይ ነው የሚሞከር?"

"የመሞከሪያ ዳታ ስጡኝ ብዬ ሦስቴ ኢሜይል ልኬ ነበር ጋሼ።"

"ወደ ነበረበት መልሰዋ።"

"አን-ዱ የሚባለው" አለ አብኔዘር መሬት መሬት እያየ፣ "ማለቴ መልስ የሚለው ቁልፍ… እሱ ሁለተኛ ፌዝ ነው።"

ያን ማታ ለወይዘሮ ተናኜ አልነገሩም። ሸክም ላውርድ ብሎ የተነሳ ሰው ሌላ ሸክም ይዞ መቀመጡ እንዴት ተብሎ ይነገራል።

እንደገና ስድስተኛ ፎቅ ተሰበሰቡ። በዚህኛው ቀን ጋሽ ሽፈራው የበሮቹን ታፔላ በቃላቸው ያውቁታል። ሳምራዊት ሐሳብ ይዛ መጥታለች።

"ጅምላውን አሳንሱት" አለች። "ሁሉም አይባል። በመደርደሪያ ይሁን። ጋሼና እኔ አንድ መደርደሪያ ፊት ቆመን እንቆጥራለን፤ ያየሁት ብቻ ይመረጣል፤ ቁልፉን እኔ እጫናለሁ። እንደዚያ ከሆነ እረከባለሁ።"

"ሁሉንም መደርደሪያ?" አሉ ጋሽ ሽፈራው።

"ሁሉንም።"

ጉልበታቸው ከማንም በፊት ሰማ።

"ጥሩ ነው፣ ይሠራል" አለ አብኔዘር። "አንድ ነገር ግን እንወስን። ሳጥኑ ባዶ ሲሆን ወደ ማን ይሂድ? ጋሽ ሽፈራውን አወጣቸዋለሁ።"

"እግዜር ይባርክህ።"

"እኔም አይደለሁም" አለች ሳምራዊት።

"እና ተረካቢ የሌለው ንብረት የማን ነው? አቶ አክሊሉ?" አለ አብኔዘር።

አክሊሉ ከጋራዥ ሰው ጋር ስለ መኪናው ባትሪ እየተጨቃጨቀ ነበር። "የንብረት ክፍል ነዋ!" አለ እጁን እያወናጨፈ። "ይሄም ይጠየቃል? የንብረት ክፍል ኃላፊ እያለ! ሄሎ? አንተን አይደለም፣ ባትሪውን ነው የምልህ!"

አብኔዘር ጻፈ፤ ጮክ ብሎም አነበበው። የተስማሙበትን ሰነድ አትሞ አመጣ፤ ወፍራም ነው። የኮሌጁ ደንብ በየገጹ ይፈረም ይላል። አክሊሉ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሐል ይዞ እየገለጠ ፈረመ፣ እየገለጠ ፈረመ። አንድም ገጽ ላይ ዓይኑ አላረፈም። የሱ ፊርማ ለነገሩ ሁለት ጭረት ናት።

ከዚያ ቆጠራው ተጀመረ። ጋሽ ሽፈራው ይጠራሉ፤ ሳምራዊት ታያለች፣ ትነካለች፣ በባርኮድ ማንበቢያው ብርሃን የመጽሐፉን ጀርባ ትመታለች። መደርደሪያው ሲያልቅ ቁልፉን ትጫናለች፤ የዚያ መደርደሪያ ሽፈራው በሙሉ በአንዴ ሳምራዊት ይሆናል። ማየቱ ደስ ይል ነበር፣ ሰው ደስታ የሚያይበት አቅም ቢኖረው።

"ይሄ የኮምፒውተር መጽሐፍ ነው። ስለ ፍሎፒ ዲስክ።"

"አለ?"

"አለ። ማን ይወስደዋል ብለሽ ነው?"

"ሽፋኑ ተቀዷል።"

"የኔም ተቀዷል።"

"የእርስዎን አልረከብም፤ ወይዘሮ ተናኜ ይረከቡ።"

አቧራው ሳንባ ይገባል። የሕክምና መጻሕፍቱ ደግሞ ከባድ ስለሆኑ ከታች ነው የተደረደሩት፤ ስለዚህ ስለ ጉልበት ሕመም የሚያስተምረውን መጽሐፍ ለማንሳት መንበርከክ ያስፈልጋል። ጋሽ ሽፈራው ተንበርክከው አነሱትና ለመነሳት መጽሐፉን ተደገፉ። ቅዳሜ ቅዳሜ ጎሮ ይሄዳሉ። ሀጀር ቃሏን ጠብቃ ቆጠረች፤ ሻይ ግን በየመሐሉ አመጣችላቸው፣ ብስኩትም። "አይቀየሙኝ" ትላለች በእያንዳንዱ ብርጭቆ። አይቀየሙም። ለመቀየምም ጉልበት ይፈልጋል።

ማታ ማታ ሰሚት ደርሰው አራቱን ፎቅ ወጥተው ፍራሻቸው ላይ ሲዘረጉ ከአፋቸው የሚወጣው የመጽሐፍ ርዕስ ነው። ወይዘሮ ተናኜ ደውለው "ምን በላህ?" ሲሉ አንድ ቀን "የሒሳብ አያያዝ መግቢያ፣ ቅጽ ሁለት" ብለው መለሱ። ተናኜ "አንተ ሰውዬ፣ እዚያው እንዳትሞትብኝ" አሉ። ይሄኛው ቀልድ አልነበረም።

በመጨረሻ መደርደሪያ አለቀ። በጋሽ ሽፈራው ስም የቀሩት የጠፉት ብቻ ሆኑ፤ ሦስት መቶ ገደማ።

"የማላየውን አልረከብም ጋሼ" አለች ሳምራዊት። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"አውቃለሁ። ልክ ነሽ።"

አክሊሉ ቢሮ ሄዱ። "አክሊሉ፣ እንግዲህ የቀሩት የጠፉት ናቸው። ተከራዮቼ እሑድ ይገባሉ። ምን ይሻለኛል?"

"ሽፌ፣ አንድም ቢሆን በስምህ ካለ ክሊራንስ የለም። አንድና ሺህ ለኔ እኩል ናቸው።"

"ኮሚቴውን ሰብስብልኛ።"

"ሰብሳቢ የለውም ብዬሃለሁ" አለና ስልኩን አነሳ።

ጋሽ ሽፈራው ተመልሰው ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። አብኔዘር ፕሪንተር ሊያገናኝ መጥቶ ጠረጴዛ ሥር ገብቷል።

"አንተ ልጅ" አሉት ለጫማው። "አሁን ሳጥኑን ባዶ ባደርገው ወደኔ ነው የሚመለሰው?"

"አይ፣ አስተካክዬዋለሁ" አለ ከጠረጴዛው ሥር። "ወደ ንብረት ክፍል ኃላፊ ነው የሚሄደው። ሰነዱ ላይ አለ። ተፈርሟል።"

ጋሽ ሽፈራው ወደ ሳምራዊት ዞሩ። ሳምራዊትም ሰምታለች፤ እጇ ካርድ ላይ ቆመ።

"ሳምሪ፣ ሰው ላይ ሸክም መጫን አይሆንም?"

"ጋሼ፣ ማን ነው 'የንብረት ክፍል ነዋ' ያለው? እኔ አልረከብም ስል ኃጢአት ነው አላሉኝም። ተረካቢ የሌለው ወደ ሕጉ ይሂድ።"

"ሳላሳውቀው ግን አላደርገውም።"

"አድርገው ያሳውቁት። ቀድመው ካሳወቁትማ አያስደርግዎትም።"

የጠፉትን መረጡ። ሳጥኑን ባዶ አደረጉ። እንደ አብኔዘር ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ግን የሚጸለየው ጠፋቸው፤ "በል እንግዲህ" ብለው ተጫኑ። ስክሪኑ አሰበና ሞላ። አክሊሉ፣ አክሊሉ፣ አክሊሉ። ጋሽ ሽፈራው ተነሱ፤ ኮሪደሩን ተሻግረው ራሳቸው ሄደው ነገሩት።

አክሊሉ ስልኩን ዘጋ። ኮሌጁ ውስጥ ስልኩን ሲዘጋ ሲታይ ይሄ የመጀመሪያው ነው።

"በኔ ስም? እኔ መች ቆጠርኩ?"

"አልቆጠርክም።"

"መች ተረከብኩ?"

"ፈርመሃል። ገጽ በገጽ።"

"ስንት ናቸው?"

"ሦስት መቶ ገደማ።"

"የት ናቸው?"

"እሱ ቢታወቅማ ጠፉ አይባልም ነበር።"

አክሊሉ ሰነዱን አወጣ፤ ሁለት ጭረቱን በየገጹ አየ። ፊቱ ላይ ላብ ችፍ አለ። ወዲያው ተነስቶ ወጣ። ከምሳ በኋላ ኮሚቴው ሰብሳቢ አገኘ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተሰበሰበ። ማኪያቶ ታዘዘ፤ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ የጠፉት መጻሕፍት እንዲሰረዙ ተወሰነ። አብኔዘር ተጠርቶ ቁልፉን አሳየ፤ አክሊሉ ግን አላስነካውም፤ የጠፉትን በሙሉ ራሱ መርጦ ራሱ ተጫነ።

"በጅምላ?" አሉ ጋሽ ሽፈራው፤ በሩ ላይ ተደግፈው ነበር።

"እና አንድ በአንድ ልቀመጥልህ? ሥራ የለኝም እንዴ?" አለና አክሊሉ ክሊራንሱን ፈርሞ፣ ማህተም መትቶ ሰጣቸው። "በስምህ ምንም የለም። ሂድ በቃ፣ ተገላገልከን።"

ጋሽ ሽፈራው ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱ። እልል ሊሉ አስበው ነበር፤ ይሄን ቀን ሲያስቡት ሁልጊዜ እልል የሚል ነገር ነበረበት። አሁን የመጣላቸው እንቅልፍ ብቻ ነው። ቦርሳቸውን ሊያነሱ ላይብረሪ ገቡ፤ ከበሩ አጠገብ ያለ የተማሪ ወንበር ላይ ለአንድ አፍታ ተቀመጡ፤ መነሳት እምቢ አላቸው።

መዝጊያ ሰዓት ደረሰ። ተማሪዎቹ ወጡ። ሳምራዊት ቁልፍ እያንቀጫቀጨች መጣች።

"አባት፣ መታወቂያ አለዎት?"

"ዛሬ መለስኩት።"

"መታወቂያ የሌለው ሰው እዚህ መቀመጥ አይችልም።"

"ትንሽ ልረፍ፣ ሳምሪ። ወንበሩ በማን ስም ነው?"

"በኔ።"

"እንግዲያው ፍቀጂልኝ።"

"አምስት ደቂቃ" አለች።

መብራቱን ከወዲያኛው ጥግ ጀምራ እያጠፋች መጣች። ስትመለስ አገጫቸው ደረታቸው ላይ ወድቋል፤ ቀስ ብለው ያንኮራፋሉ። አምስቱ ደቂቃ አለፈ፤ ሌላም አለፈ። ሳምራዊት ወንበር ስባ በሩ ላይ ተቀመጠች። ምን ታድርግ? በማንም ስም ያልተመዘገበን ነገር ላይብረሪ ውስጥ ትቶ መቆለፍ አይቻልም።